ብር በተንሳፈፈ ማግስት ማክሮ ኢኮኖሚክስን እንዴት እናስተምር?

የሁለተኛ ዓመት መምህር | ሰኞ፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ማክሮ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ስላለ የሙያ አጋሮቼን ምክር ፈልጌ መጣሁ። ጽሑፉ ቢረዝም ታገሱኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲመራ መወሰኑን ሲያሳውቅ፣ የክረምት ተማሪዎች ክፍል ነበረኝ። እኔ ከመግባቴ በፊት ሁሉም በስልካቸው አንብበውታል። ከሁለት ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንዱ ተማሪ፣ «መምህር፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማሩን ይኸው ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። ጠመኔ አንሥቼ ኩርባዎቹን ሳልኩ። የመገበያያ ገንዘብ ሲረክስ የወጪ ንግድ ይጨምራል፣ ገቢ ንግድ ይቀንሳል፣ የሸቀጥ ዋጋ ይንራል። ሁሉም ጻፉት። በማጠቃለያ ፈተና ላይ ጥያቄውን ሳቀርበው ያልመለሰ ተማሪ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚያ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። በሰፈራችሁ ወዳለ ሱቅ ሂዱና የአምስት ዕቃዎች ዋጋ በዚያ ወር ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ለምን እንደሆነም ባለሱቁ በራሱ አፍ ይንገራችሁ፤ ያለውን እንዳለ ጻፉ አልኳቸው። ያመጡት መልስ እንቅልፍ ነሣኝ። የምግብ ዘይት በቀናት ውስጥ እንደጨመረ የጻፉ ብዙ ናቸው። ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ለአንዷ ተማሪዬ፣ «እኛ ዶላሩን ድሮም የምናገኘው ከመቶ ብር በላይ ነው፤ ባንክ ዛሬ ስንት እንዳለ ምን አገባን?» ብሏታል። ሌላው አባቱ ገበሬ ናቸው፤ «ከተማ ወርጄ የምገዛው ማረሻ ካልጨመረ ለእኔ ምንም አልሆነም» አሉ ብሎ ጽፏል።

ተማሪዎቼ ፈተናውን በትክክል መለሱ። የቤት ሥራውንም በትክክል ሠሩ። ሁለቱ መልሶች ግን አይገናኙም፤ እኔም ላገናኛቸው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔ ያስተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ያለችው አገር አንድ የምንዛሪ ተመን ብቻ ነው ያላት። ተማሪዎቼ ያደጉባት አገር ለዓመታት ሁለት ነበራት።

ከዚያ ወዲህ ያለውም አላገዘኝም። በሰሌዳ ላይ የሳልኩት ሥዕል ዋጋ ይናራል ብሏል። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ግን ያኔ ከነበረበት 18 በመቶ ገደማ በዓመቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህን ለክፍሉ ስነግር ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ታዲያ እናቴ ለምን ታለቅሳለች?» አለች። የግሽበት መጠን መቀነስና የዋጋ መቀነስ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳሁ፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም መኪናው ወደፊት መሄዱን አላቆመም አልኳት። ገብቷታል። እኔ ግን ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ሳምንት ማስረዳት ሲገባኝ ልጅቷ ተነሥታ እስክትጠይቀኝ መጠበቄ ያንገበግበኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ኮርሱን ከሞዴሉ ጀምሬ ቀውሱን በመጨረሻ እንደ ምሳሌ ላምጣው? ወይስ ቀውሱን አስቀድሜ ሞዴሉ ለእሱ መልስ ሆኖ እንዲመጣ ላድርግ? ሁለተኛውን የሞከረ ካለ እንዴት እንደሆነለት ይንገረኝ።

---

ጡረተኛው መምህር | ሰኞ፣ ምሽት 4፡05

ልጄ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን ማስተማር ስጀምር ዶላር 2.07 ብር ነበር። እንደ ተራራ የማይነቃነቅ ነገር ስለነበር የምንዛሪ ተመንን ምዕራፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ እወጣ ነበር። በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። በሚቀጥለው ክፍል ምን ብዬ እንደምገባ ጨነቀኝ።

ያደረግኩት ይህን ነው። በዚያ ጊዜ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 500 ብር ነበር። በሰሌዳው ላይ 500ን ለ2.07 አካፈልኩ፤ ከ241 ዶላር በላይ ሆነ። 500ን ለ5 አካፈልኩ፤ 100 ዶላር። «እንግዲህ ደሃ ሆናችሁ ወይስ አልሆናችሁም?» አልኳቸው። ክፍሉ ተናወጠ። አንዱ «ሆንን» አለ። ሌላው «እኔ ጤፍ በዶላር አልገዛም» አለ። ሦስተኛው፣ የቡና ነጋዴ ልጅ መሰለኝ፣ «እኛ ቤት ግን ደስታ ነው» አለ። የእውነተኛ ምንዛሪ ተመን፣ የሸማች ዕቃዎች ቅርጫት፣ በአገር ውስጥ ብቻ የሚሸጥና በውጭ የሚሸጥ ዕቃ፣ ሁሉም ከዚያ ክርክር ወጡ። ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ሐሳቡን ያመጡት እነሱ ናቸው።

እኔ በሠላሳ ምናምን ዓመት ማስተማር የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የማክሮ ፖሊሲ ትምህርት «ማን ከፈለ?» የሚለውን ጥያቄ ካልጠየቀ ግማሽ ትምህርት መሆኑን ነው። ድምር ምርት አደገ፣ ድምር ፍላጎት ቀነሰ እያልን ሁሉን በአንድ ፊደል እንጠራዋለን። በዚያ ፊደል ውስጥ ግን ባለ ቡናው አለ፣ ደመወዝተኛው አለ፣ እንደ እኔ የጡረታ አበል የሚጠብቅም አለ። ተማሪህ እናቷ እንደምታለቅስ ስትነግርህ የጠየቀችህ ይህንኑ ነው።

---

ኩርባና ሰሌዳ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

የመምህሩን ቅንነት አከብራለሁ፤ ሆኖም እዚህ ላይ በጽኑ እቃወማለሁ። እኔም አስተምራለሁ። ቀውስ በመጣ ቁጥር «ሞዴሉ ወደቀ» እያሉ ከሰሌዳው ማጥፋት ለተማሪው ደግነት አይደለም።

የሁለቱ ተመኖች ጉዳይ በመጽሐፉ ውስጥ የለም ብለሃል። አለ። አንድ አገር የተረጋጋ የምንዛሪ ተመን፣ ነፃ የካፒታል ዝውውር እና ራሱን የቻለ የገንዘብ ፖሊሲ በአንድነት ሊኖሩት አይችሉም የሚለውን ምዕራፍ ምን አድርገኸው ነው? የእኛን አገር የሃያ ዓመት ታሪክ በእሱ ማንበብ ይቻላል። መንግሥት ተመኑን በእጁ ያዘ። ብሔራዊ ባንክ ለበጀት ጉድለት ቀጥታ ብድር እያበደረ ገንዘብ አበዛ። ስለዚህ ሦስተኛውን፣ ማለትም የካፒታል ዝውውሩን፣ በሕግ ዘጋ። በሩ ግን ገርበብ ያለ ነበር። የዕቃ ዋጋ በደረሰኝ ላይ አሳንሶ ወይም አግንኖ የሚያስገባ አለ፤ ከባንክ ውጭ ሐዋላ የሚልክ አለ። በዚያ ቀዳዳ የወጣው ግፊት ነው ትይዩ ገበያ የተባለው። ስልክ ሻጩ የነገራት ከሞዴሉ ጋር አይጋጭም። ዋጋውን የሚተምነው በሚያገኘው ዶላር ዋጋ ነው፤ የሚያገኘው ደግሞ በትይዩው ነው። ስለዚህ የባንኩ ተመን ወደ ትይዩው ሲጠጋ የስልኩ ዋጋ ባይነቃነቅ የሚያስገርም አይሆንም።

ግሽበቱስ ለምን አልፈነዳም? ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው። የቀረው ደግሞ የፖሊሲ ጥቅሉ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ጣሪያ ታስሮ ነበር፤ ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ቆሟል፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ለጊዜው ተደጉመዋል። አንተ በሰሌዳው ላይ አንዱን ኩርባ ብቻ አንቀሳቀስክ። መንግሥት በዚያ ሰሞን ሦስት አራቱን አንድ ላይ አንቀሳቅሷል።

ደግሞ ሁሉም ገጽ እኩል አይወድቅም። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የገንዘብ መሠረቱን፣ ማለትም ራሱ ያወጣውን ጥሬ ገንዘብና የባንኮችን መጠባበቂያ፣ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በታች አንሥቶ በስድስት ዓመት ወደ 4 ትሪሊዮን ገደማ አደረሰው። ባንኮች ያንን መሠረት በብድር ያባዙታል የሚለው በየመጽሐፉ ያለው የገንዘብ ማባዣ ቀመር እውነት ቢሆን ኖሮ ዋጋ በብዙ እጥፍ መናር ነበረበት፤ አልሆነም። እንደ አሮጌ ዕቃ የሚናቀው የአይኤስ-ኤልኤም ሥዕል (የዕቃ ገበያውን በአይኤስ፣ የገንዘብ ገበያውን በኤልኤም ኩርባ አገናኝቶ ምርትና ወለድ እንዴት እንደሚወሰኑ የሚያሳየው) ግን ወለድ ዜሮ ሲደርስ ባንኮች ገንዘቡን ታቅፈው እንደሚቀመጡ፣ ዋጋም እንደማይናር አስቀድሞ ይናገራል። ቀውስ ወንፊት ነው። ተማሪ የትኛው ገጽ እንዳለፈ፣ የትኛው እንደቀረ እንዲለይ አስተምረው። ለዚያ ግን አስቀድሞ ገጹን ማወቅ አለበት።

---

የብድር ክፍል | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡50

ባንክ ውስጥ ብድር ላይ ነው የምሠራው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስለ ገንዘብ ማባዣው ስለተነሣ አንድ ነገር ልበል፤ ሥራ ስጀምር ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነበርና።

ክፍል ውስጥ የተማርኩት እንዲህ ነበር፦ አንድ ሰው 1,000 ብር ያስቀምጣል፣ ባንኩ መጠባበቂያውን ቀንሶ የቀረውን ያበድራል፣ ያ ብድር ሌላ ባንክ ገብቶ ተቀማጭ ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ይባዛል። ሥራ ላይ ግን ብድር ሲጸድቅ የሌላ ሰው ተቀማጭ ቆጥሮ የሚያወጣ የለም። የተበዳሪው ሒሳብ ላይ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ በዚያች ቅጽበት አዲስ ተቀማጭ ተፈጠረ ማለት ነው። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ በግልጽ ጽፎ አውጥቷል፤ የመማሪያ መጻሕፍት ቅደም ተከተሉን ገልብጠው እንደሚያስተምሩ ጭምር።

ይሁን እንጂ መምህራን የእንግሊዙን ጽሑፍ እንዳለ ወስዳችሁ ብታስተምሩት ሌላ ስሕተት ይሆናል። እዚህ አገር የጥሬ ገንዘብ እጥረት የባንኩን እጅ ያስራል። ተበዳሪው ብድሩን በማግስቱ ወደ ሌላ ባንክ ሲያዘዋውረው እኛ የምንከፍለው ከየት ነው? ለዚህ ነው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ተቀማጭ ፍለጋ ቤት ለቤት የሚዞሩት። ከሚያዝያ 2003 እስከ ኅዳር 2012 ደግሞ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። የትኛው መጽሐፍ ውስጥ አለ? በአራት ዓመት ትምህርቴ አንድም ቀን ስሙን አልሰማሁም።

ስለ ወለድም እንዲሁ ነው። ወለድ የገንዘብ ፍላጎትና አቅርቦት የሚገናኙበት ዋጋ ነው ብላችሁ አስተማራችሁን። እኔ የማውቀው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ተብሎ በመመሪያ ሲወሰን፣ የዋጋ ግሽበቱ ደግሞ 30 በመቶ ሲያልፍ ነው። በዚያ ጊዜ ቆጣቢው በየዓመቱ ከሃብቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን አውጆ በወለድ ወደሚመራ አሠራር የገባው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። ስለዚህ የኤልኤም ኩርባ ለእኛ ገና መወለዱ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለተማሪዎች ግን ከጥንት የነበረ አድርገን ነው የምንነግራቸው።

---

ተፈታኝ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡10

እኔ የመውጫ ፈተና ካለፉት ነኝ፤ ሥራ ግን ገና አላገኘሁም። መምህራኖቻችን እንዲህ ስለ እኛ ስትጨነቁ ማየቴ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ። የመውጫ ፈተናው ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪያችን በምርጫ ጥያቄዎች ላይ ተንጠልጥሏል። 50 በመቶ ካላመጣን አራት ዓመት ከንቱ ነው። ፈተናው ውስጥ ደግሞ ስልክ ሻጩ ምን አለ የሚል ጥያቄ የለም። «የማባዣው መጠን ስንት ነው?» የሚል አለ።

በእኛ ክፍል አንድ መምህር እንደ እናንተ በሕይወት ምሳሌ እያስተማረን እጅግ ወደድነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች ግን ሳይደርስባቸው ወሰነ ትምህርቱ አለቀ። ብቻችንን አንብበን ነው የተፈተንነው። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ አላለፉም። ከዚያ መምህር የተማርኩትን ዛሬም አስታውሳለሁ፣ ስለዚህ ተበደልኩ አልልም። እባካችሁ ግን ሁለቱን አስታርቁልን።

---

የሁለተኛ ዓመት መምህር | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30

እህቴ «ተፈታኝ»፣ የጻፍሽው ልቤን ነካው። እኔም ምዕራፍ ሳልጨርስ የወጣሁባቸው ወሰነ ትምህርቶች አሉ፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍለው በበቂ አላሰብኩም ነበር።

«ኩርባና ሰሌዳ»፣ አንዱን ኩርባ ብቻ አንቀሳቀስክ ያልከው እውነት ነው። ተቀብያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው የዋልኩት ግን፣ ለምን አንዱን ብቻ እንዳንቀሳቀስኩ ነው። መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚያደርግ ነው። በየምዕራፉ አንድ ነገር ይለወጣል፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ይህ ለማስረዳት ይጠቅማል። ቀውስ ውስጥ ግን ባለበት የሚቆም ነገር የለም፤ ተማሪው ደግሞ የሚኖረው ቀውስ ውስጥ ነው። የሁለቱን ተመኖች ጉዳይ ከሦስቱ የማይገናኙ ምኞቶች ጋር ያያያዝክበት መንገድ ድንቅ ነው፤ እኔ ያንን ምዕራፍ የማስተምረው በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ተማሪው ደክሞት እኔም ተጣድፌ ነው። ምናልባት መጀመሪያ መምጣት ያለበት እሱ ይሆን?

---

ከሰሜን | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ይህን ክር ሌሊት አነበብኩት፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። መቀሌ ነው ያደግኩት። ከሰኔ 2013 በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ባንክ ተዘግቶብን ኖረናል። አባቴ የባንክ ደብተር ነበረው፤ በደብተሩ ላይ ገንዘብ አለ፤ ቤታችን ውስጥ ግን ገንዘብ አልነበረም። ከውጭ ዘመድ የሚልክልንን በሰው በሰው ስንቀበል መሐል ላይ የሚቆረጠው ብዙ ነበር። በኋላማ አንድ ብር ጥሬ ገንዘብና በደብተር ያለ አንድ ብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ።

ከጦርነቱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መምህሩ ስለ ገንዘብ ምንነት ሲያስተምር፣ ጥሬ ገንዘብና ተንቀሳቃሽ ሒሳብ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተደምረው «ኤም አንድ» ይባላሉ አለ። እጄን አወጣሁ፤ ከዚያ መልሼ አወረድኩት። የማውቀውን ለመናገር ስለ ጦርነቱ መናገር ነበረብኝ፣ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ወገን የመጣ ልጅ ነበር። መምህሩም አልገፋፋኝም። አልፈርድበትም።

የምለው ይህ ነው። እኔ ባንክ ምን እንደሆነ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ አውቃለሁ፤ ባንክ ማለት ሌላው ሰው ነገም ይቀበለኛል ብሎ ማመን ነው። ከቀውስ የሚጀመር ኮርስ ካዘጋጃችሁ፣ እንደ እኔ ያለው ተማሪ ሳይፈራ የሚናገርበትን መንገድ አብራችሁ አስቡበት። በጽሑፍ፣ ስም ሳይጠቀስ ሊሆን ይችላል። እኔ ቢፈቀድልኝ ኖሮ አሥር ገጽ እጽፍ ነበር።

---

ከለንደን | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡15

ወንድሜ «ከሰሜን»፣ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። ያንን አሥር ገጽ አሁንም ጻፈው።

እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በብሪታንያ ነው። በ2008ቱ ቀውስ ማግስት እዚህም ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን ይህንኑ ጠይቀዋል። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባንኮች በዓይናቸው ፊት እየወደቁ ክፍል ውስጥ ግን ስለ ቀውሱ አንድም ቃል እንደማይነገራቸው አይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ እንዲለወጥም ተሟገቱ። ከዚያ ወዲህ ኮር የተባለው ፕሮጀክት በነፃ በኢንተርኔት የሚገኝ፣ ከእውነተኛ ችግር ተነሥቶ ወደ ሞዴል የሚሄድ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። መምህር፣ ጥያቄህን በተግባር የሞከሩ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ክፍለ ጊዜ ግን አንድ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ስመ ጥር ምሁራን፣ የመንግሥት ዕዳ ከአገሪቱ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ይሽመደመዳል የሚል ጥናት አወጡ። በአውሮፓ በጀት መቁረጥ የሚሹ ፖለቲከኞች በየመድረኩ ጠቀሱት። ከሦስት ዓመት በኋላ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ኸርንደን የተባለ ተማሪ ለቤት ሥራው ጥናቱን ደግሞ ለመሥራት ሞከረ፤ አልገጥም አለው። ምሁራኑ የላኩለትን የኤክሴል ሰነድ ሲከፍት አማካዩ ሲሰላ አምስት አገሮች ከመስመሩ ውጭ ቀርተዋል። ከሌሎቹ እርማቶች ጋር ሲደመር፣ ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ ላላቸው አገሮች ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ተብሎ የነበረው አማካይ ዕድገት 2.2 በመቶ ሆነ።

መምህራችን ያንን ሰነድ በየኮምፒውተራችን ላይ አስከፍታ ስሕተቱን ራሳችን እንድናገኝ አደረገችን። ሳገኘው እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ልጅ የታላላቆቹን ሒሳብ ማረም እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የራሱ የዚያን ጊዜ ዋና ኢኮኖሚስት ኦሊቪዬ ብላንሻር ከባልደረባው ጋር የጻፈውን አነበብን፤ በቀውሱ ወቅት የበጀት ቅነሳ ምርትን ምን ያህል እንደሚጎዳ ትንበያዎቹ አሳንሰው ገምተው ነበር ይላል። የበጀት ማባዣው፣ ማለትም መንግሥት በጀቱን በአንድ ብር ሲቀንስ ምርት በስንት ብር እንደሚቀንስ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.5 ገደማ ተብሎ ሲታሰብ በተግባር ከ0.9 እስከ 1.7 የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። የግሪክ ኢኮኖሚ በእነዚያ ዓመታት ሩቡን ያህል ሟሟ። «ተፈታኝ» እህቴ፣ «የማባዣው መጠን ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የምርጫ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ሰው ሥራውን ያጣል።

---

ኩርባና ሰሌዳ | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡45

«ከለንደን»፣ ያነሣሻቸው ምሳሌዎች የእኔንም ሐሳብ ይደግፋሉ። ኸርንደን ስሕተቱን ያገኘው ስልቱን ጠንቅቆ ስለተማረ ነው። ሆኖም አንድ ነገር አስረዝሜ አስቤያለሁ፤ «ከሰሜን» የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ማለቴ ነው። ትናንት ለመምህሩ ስመልስ ተማሪው አስቀድሞ ገጹን ማወቅ አለበት ብዬ ነበር። የገንዘብን ምንነት በተመለከተ ግን ይህ ልጅ ከገጹ ቀድሞ ደርሷል። ለእሱ ቅደም ተከተሉ እኔ ባልኩት መንገድ ሊሆን አይችልም። ይህን ሳልናገር ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

---

የቤይሩቷ እኅት | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

እኔ ኢኮኖሚክስ አልተማርኩም፣ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ታላቅ እኅቴ ሊባኖስ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ደመወዟ በዶላር ነበር። ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሊባኖስ ሊራ በዶላር 1,500 ገደማ ላይ ተቸንክሮ ስለነበር አሠሪዎቿ በዶላርም ከፈሉ በሊራ ለእነሱ ልዩነት አልነበረውም። አገሪቱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ሊራው ሲወድቅ አሠሪዎቿ «በሊራ እንክፈልሽ» አሉ። ከዚያም ጭራሽ መክፈል አቆሙ። በዚያ ሰሞን አሠሪዎቻቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸውን ሴቶች በቴሌቪዥን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። እኅቴ ከእነሱ መሐል አልነበረችም፣ ግን እናታችን እያንዳንዱን ፊት እያየች ትፈልጋት ነበር።

በእናንተ ክፍል ውስጥ እኅቱ ወይም እናቱ ዓረብ አገር ያለች ስንት ተማሪ አለ? ክፍያውን የከፈለችለት እሷ ልትሆን ትችላለች። የአንድ አገር ገንዘብ ለምን እንደሚወድቅ፣ ከመውደቁም በፊት ምን ምልክት እንደሚያሳይ ብታስተምሩት ቢያንስ ስልክ ደውሎ «ደመወዝሽን ቶሎ ላኪው፣ እዚያ አታስቀምጪው» ሊላት ይችላል። እኔ ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምን ያህል እደሰት ነበር።

---

የሁለተኛ ዓመት መምህር | ዓርብ፣ ምሽት 2፡00

ከሐሙስ ጀምሮ ይህን ደጋግሜ እያነበብኩ የትምህርት ዕቅዴን እየጻፍኩ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ ስሕተት ካለው እረሙኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሞዴል የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አመጣለሁ፤ ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል የቀረበትን ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተደረሰበትን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አስከትላለሁ። የጋሼን የ500 ብር ስሌት በቀጥታ እወስዳለሁ። «ዋጋ» እና «የዋጋ ግሽበት» የሚለያዩበትን በዚያው ሳምንት እጨርሳለሁ፤ ለዚያች ልጅ ባለዕዳ ነኝ። ሦስቱ የማይገናኙ ምኞቶች ከአሥራ አራተኛው ወደ ሦስተኛው ሳምንት ይመጣሉ፤ ሊባኖስንና ኢትዮጵያን ጎን ለጎን አስቀምጬ። ተመኑን ይዘው የቆዩ ሁለት አገሮች፣ አንዷ በሩን ከፍታ፣ አንዷ ዘግታ።

ከዚያ በኋላ ምዕራፎቹ በተለመደው ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም «ተፈታኝ» ትክክል ናት። በየምዕራፉ መጨረሻ ግን ግማሽ ሰዓት «ይህ ገጽ በቀውሱ ወንፊት አለፈ ወይስ ቀረ?» ለሚለው ክርክር ይቀመጣል። የገንዘብ ማባዣውን ይማራሉ፣ ይሰሉታል፣ ቀጥሎ የ27 በመቶውን መመሪያ ይዘው ይፈትኑታል። «የብድር ክፍል»፣ አንድ ቀን ክፍላችን ድረስ ብትመጣ በአክብሮት እንቀበልሃለን።

የሱቁ የቤት ሥራ ይቀጥላል፤ 70 ተማሪ ስላለኝ በአምስት በአምስት ሆነው። ኮምፒውተር ክፍሉ መብራት ሲኖር ብቻ ስለሚሠራ የስታቲስቲክስ አገልግሎትን ወርሃዊ ቁጥሮች በስልካቸው አውርደው በእጅ ይሥላሉ። ከዚያ ሌላ፣ ስም የማይጻፍበት አንድ ገጽ ከእያንዳንዱ ተማሪ እቀበላለሁ። «ገንዘብ፣ ዋጋ ወይም ሥራ በቤታችሁ ላይ ያደረሰውን ጻፉ» ይላል ጥያቄው። ነጥብ የለውም። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አይነበብም፤ እኔ ብቻ አነበዋለሁ። ስለ ጦርነቱ የሚጽፍም ይጻፍ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ጋሼ «ማን ከፈለ?» ያሉትን በቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የየወሩን ተመን ከደመወዝ ጋር አስተያይቶ። የቆዩትን ወራት በአንድ ላይ የማገኝበት ቦታ ግን አጥቻለሁ።

---

ጡረተኛው መምህር | ዓርብ፣ ምሽት 3፡15

ልጄ፣ እኔ ዘንድ አለ። በ1985 የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ሲጀመር ከመጀመሪያው ቀን አንሥቼ ተመኑን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ፤ ከጎኑ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋና የወር ደመወዜን። ጡረታ እስከወጣሁበት ወር ድረስ አልተቋረጠም። አራት ደብተር ነው። አንዱን አይጥ በጠርዙ በልቶታል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቀኝ መምህር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አዲስ አበባ ስትመጣ ንገረኝ።

---

የሁለተኛ ዓመት መምህር | ዓርብ፣ ምሽት 3፡22

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የማታውን አውቶቡስ ተሳፍሬ እሑድ ጠዋት እደርሳለሁ። ደብተሮቹን ከቤትዎ አላወጣቸውም፤ እዚያው ተቀምጬ በስልኬ ፎቶ አነሣቸዋለሁ፣ ተማሪዎቼ ደግሞ ወር በወር ወደ ሰንጠረዥ ይገለብጡታል።